ልጆቹ ይምሩ፣ ወላጆች ይጠብቁ፦ ለአዲስ የስካውት ትሩፕ መሪዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልን በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው ሥር የተቋቋመው የስካውት ትሩፕ፣ ማለትም የልጆች ቡድን፣ ገና አንድ ዓመቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ወንዶች ልጆች ተመዝግበውበታል፤ ሥራውን ግን እርሳቸውን ጨምሮ ሦስት ወላጆች ብቻ ይሸከሙታል። ሳምንታዊው ስብሰባ በጫጫታ ያልፋል፣ ልጆቹ ራሳቸው የመረጧቸውን የፓትሮል (የንዑስ ቡድን) አለቆች አይሰሙም፣ አብዛኞቹ ወላጆች ልጆቻቸውን በር ላይ አውርደው ይሄዳሉ። በኦክቶበር የመጀመሪያው የአዳር ካምፕ ይጠብቃቸዋል፤ አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ ከእኔ ጋር በአንድ ድንኳን ካላደረ አልለቀውም» ብለዋል። «ከየት እንጀምር? ወይስ ጉልበት እስክናገኝ ብንዘጋው ይሻላል?» ይላሉ ጠያቂያችን።

አይዝጉት። የዘረዘሩትን ችግር አዲስ ትሩፕ ሁሉ ያልፍበታል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። በስካውትማስተርነት፣ ማለትም በትሩፕ ዋና ጎልማሳ መሪነት፣ ሳገለግልም ሆነ አዳዲስ መሪዎችን ሳሠለጥን ደጋግሜ ያየሁት፣ እኛ ሐበሻ ወላጆች መጥበቅ ባለብን ቦታ እንደምንላላና መላላት ባለብን ቦታ እንደምንጠብቅ ነው። ድንኳኑ የት ይተከል፣ እራት ምን ይሁን፣ ጨዋታውን ማን ይምራ በሚሉት ላይ ለልጆቹ አንዲት ውሳኔ አንተውም፤ አንድ ጎልማሳ የሌላ ሰው ልጅ ለብቻው መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሲሄድ ግን «የራሳችን ሰው ነው፣ ምን ችግር አለው» ብለን እናልፋለን። መልሴ ከሞላ ጎደል ይህን ስለመገልበጥ ነው።

ከፓትሮሉ ልጀምር። የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያካሂድ፣ ሃያ ያህል ልጆችን በአራት ፓትሮል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ፓትሮል ከልጆቹ መካከል አለቃ አድርጎለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የአሜሪካው ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ስካውቲንግ አሜሪካ ተብሏል፤ ይህ አደረጃጀት ግን እስከ ዛሬ የሥራው መሠረት ነው። ፓትሮል ማለት ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ልጆች አብረው የሚሰፍሩበት፣ አብረው የሚያበስሉበትና የሚጨቃጨቁበት፣ ጭቅጭቁንም ራሳቸው የሚፈቱበት ቡድን ነው። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ስላሉዎት ሦስት ፓትሮል በቂ ነው። ሲከፋፈሉ የእድሜ እኩዮችንና ጓደኛሞችን አንድ ላይ ማድረግን አይፍሩ፤ «እኩል እንዲሆን» ብሎ ወንድማማቾችንና ጓደኛሞችን መበታተን የወላጅ ሐሳብ ነው፣ ልጆች በፓትሮላቸው የሚኮሩት ከሚወዱት ሰው ጋር ሲሆኑ ነው።

አለቆቹ የማይሰሙት ለምንድን ነው? ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት አለቃ ተብለው ተመረጡ እንጂ የሚወስኑት ነገር አልተሰጣቸውም። የስብሰባውን ፕሮግራም የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ጨዋታውን የሚመርጡት ሌላኛው አባት ናቸው፤ የካምፑን ምግብ የሚገዙት ሦስተኛዋ እናት ናቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እዚያ መካከል ቆሞ «ዝም በሉ» ከማለት በቀር ሥራ ከሌለው፣ ጓደኞቹ ለምን ይስሙት? ምሳው ምን እንደሚሆን የሚወስነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚደለድለው፣ የትኛው ፓትሮል ቀድሞ እንደሚጫወት የሚያውቀው እርሱ ሲሆን ግን ሳይጮህ ይሰማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የፓትሮል አለቆችን ጉባኤ ማቋቋም ነው። ሦስቱ የፓትሮል አለቆችና ትሩፑ በሙሉ የመረጠው የልጆቹ ዋና አለቃ፣ ሲኒየር ፓትሮል ሊደር፣ በወር አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ጉባኤውን የሚመራው ሲኒየር ፓትሮል ሊደሩ ነው። ስካውትማስተሩ አብሮ ይቀመጣል፣ ሲጠየቅ ይመክራል፤ «አይሆንም» የሚለው ግን ነገሩ ከደኅንነት ወይም ከድርጅቱ ደንብ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ጉባኤ የአራት ሳምንት ባዶ ሠንጠረዥ ያለበት ወረቀት ይዘው ይግቡና እስኪሞላ ይጠብቁ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ሐሳብ መወርወርም ያምርዎታል፤ ታገሡ። አራት ሳምንት ሙሉ «ዶጅቦል» ብለው ቢሞሉት እንኳ ያጽድቁት። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ይሰለቹትና «ሌላ ነገር ብናደርግስ» ብለው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ፕሮግራም ማውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለቃ አገኙ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጋችን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ልጆቻችን ታላቅን እንዲያከብሩ አድርገን እናሳድጋለን፤ ይህም ሊጠበቅ የሚገባ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ጋሼ እገሌ እየተናገሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጣልቃ ገብቶ «አሁን የእኔ ተራ ነው» ማለት አይችልም፤ ቢችልም ቤት ሲደርስ ይገሠጻል። ይህን ለማቃለል ያየሁት የተሻለ መንገድ መሪዎቹ በትሩፑ ፊት ቆመው አንድ ጊዜ በግልጽ ቃል መግባታቸው ነው፦ ሲኒየር ፓትሮል ሊደሩ የስካውት ምልክቱን አድርጎ እጁን ሲያነሣ ጎልማሶችም ጭምር ዝም እንላለን፣ በስብሰባው ጊዜ ልጅ የሚጠይቀን ነገር ካለ መጀመሪያ «የፓትሮል አለቃህን ጠየቅኸው?» ብለን እንመልሰዋለን። ከዚያ በኋላ ቃሉን መጠበቅ የእናንተ ፈንታ ነው። ከኋላ ቆመው ቡና እየጠጡ ጮክ ብለው የሚያወሩ ወላጆች ካሉ ልጁ በጭራሽ ሊያሸንፍ አይችልም፤ ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዷቸው። ቋንቋውም እንዲሁ ነው፤ ልጆቹ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ የሚግባቡ ከሆነ አለቃው በእንግሊዝኛ ይምራ። አማርኛን ማስተማር ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ጊዜውና ቦታው ግን ሌላ ነው።

መላላት ሲባል ምን እንደሚመስል በአንድ ትንሽ ነገር ላሳይ። የድንኳን ገመድ ማጥበቂያ ቋጠሮን የሚያስተምረው የፓትሮል አለቃው ነው እንበል። ገመዱ ካስማው ላይ ይዞራል፤ ጫፉ ተመልሶ ዋናውን ገመድ ወደ ውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል፤ ከዚያ ከቀለበቱ ውጪ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ይጠበቃል። በትክክል ከተሠራ በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ገመዱ ሲወጠር ግን ይይዛል። ልጁ ሁለተኛውን ጥምጥም ከውስጥ ሳይሆን ከውጪ አደረገውና ሲጎትተው ሸሸ። በዚህ ቅጽበት የጎልማሳው እጅ ራሱ ይዘረጋል። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ልጁ እንደገና ይሞክራል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ከጎኑ ያለው ትንሹ ልጅ «ወደ ውስጥ ነው መሰለኝ» ይለዋል። አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ እርስዎ ቢያሠሩት ሰላሳ ሰከንድ ይበቃ ነበር። በኦክቶበር ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ ድንኳኑ ሲንገዳገድ ግን ከእንቅልፉ ተነሥቶ ገመዱን የሚያጠብቀው ያን አምስት ደቂቃ የታገለው ልጅ ነው። የስካውትማስተሩ ትምህርት ከስብሰባው በኋላ ይመጣል፦ አለቃውን ሰው በሚያያችሁ ቦታ ገለል አድርገው «ምን ጥሩ ሄደ? በሚቀጥለው ምን ትለውጣለህ?» ይበሉት፤ የቀረውን እርሱ ይነግርዎታል።

ስለ ቅጣት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጆሮ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ፣ ፑሽአፕ ማሠራት፣ ምግብ መከልከል በስካውት ውስጥ የተከለከሉ ናቸው፤ «በእኛ ቤት እንዲህ ነው» የሚል ምክንያት አይቀበልም። ልጅ ካስቸገረ አለቃው ያናግረዋል፤ ካልሆነ ስካውትማስተሩ፤ አሁንም ካልሆነ ወላጁ ተጠርተው ልጁን ይወስዱታል። ልጆች መሳደብና መደባደብ ሲጀምሩ ወይም ታላላቆቹ ታናናሾቹን ማስፈራራት ሲያበዙ ግን ነገሩ ለፓትሮል አለቃ የሚተው አይደለም፤ ጎልማሳ ወዲያው ይገባል።

አሁን ወደምንጠብቅበት እንለፍ። በስካውቲንግ አሜሪካ ደንብ መሠረት በማንኛውም የስካውት ዝግጅት፣ ሳምንታዊውን ስብሰባ ጨምሮ፣ እድሜያቸው 21 ዓመት የሞላቸው ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ መሪዎች መገኘት አለባቸው፤ ሴት ልጆች ባሉበት ከእነዚህ አንዷ የተመዘገበች ሴት መሪ መሆን አለባት። ማንኛውም ጎልማሳ ልጁ ካልሆነ ስካውት ጋር ለብቻው መሆን አይፈቀድለትም፤ ምክር መስጠት ካስፈለገም ሌሎች በሚያዩት ቦታ ይሁን። ይህ ደንብ በስልክም ይሠራል፦ በቴሌግራም፣ በዋትሳፕ ወይም በቫይበር ለአንድ ልጅ ለብቻው መልእክት አይላክም፤ ሌላ መሪ ወይም ወላጁ በመልእክቱ ውስጥ መኖር አለበት። እያንዳንዱ መሪ ልጆችን ከጥቃት የመጠበቅን ሥልጠና ወስዶ ጊዜው ሳያልፍ ማደስ አለበት። በልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን የሚያሳይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለ ለሕግ አካል ማመልከት ግዴታ ነው፤ ለካህኑ ወይም ለሽማግሌ ነግሮ በውስጥ መጨረስ አይቻልም፤ ይህን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤም አስቀድመው ይንገሩ። በእኛ ዘንድ ነገር በሽምግልና ያልቃል፤ ይህ ግን ለሽምግልና የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ የሚፈተነው በማክሰኞ ማታ ነው። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ፤ ሁሉም ሄዱ፤ አንድ ልጅ ቀረ። አባቱ ታክሲ ይሠራሉ፣ እናቱ ሆስፒታል የማታ ተራ ላይ ናቸው። ሁለቱ መሪዎች ደክሟቸዋል፣ አንደኛው ነገ በንጋት ሥራ ይገባል። «አንተ ሂድ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» የሚለው ቃል ከአፍ ሊወጣ ነው። አይውጣ። ሁለቱም መሪዎች ልጁ እስኪወሰድ ድረስ ይቆማሉ፤ ወይም ሁለቱም አብረው ያደርሱታል። ደንቡ ልጁን ይጠብቃል፣ መሪውንም ከሐሰት ክስ ይጠብቃል፤ ሁለቱም እኩል ያስፈልጉናል። ችግሩ ከተደጋገመ መፍትሔው ደንቡን ማላላት ሳይሆን በመመዝገቢያው ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ተለዋጭ ወሳጆችን በጽሑፍ መያዝ ነው፤ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ወላጆችን ማስተዋወቅም ነገሩን በእጅጉ ያቀልለዋል።

ወደ እናትየው እንምጣ። በመጀመሪያ ፍርሃታቸውን አይናቁባቸው፤ ልጅ ከቤት ውጪ ማደሩ በእኛ ቤት ያልተለመደ ነው፣ «ስሊፕኦቨር» የሚባለውንም አብዛኞቻችን ከልክለን ነው የምናሳድገው። ነገር ግን በዚህ የእድሜ ክልል፣ ማለትም ከ11 እስከ 17 ዓመት ባሉት ልጆች ትሩፕ፣ ልጆችና ጎልማሶች በተለያየ ድንኳን ያድራሉ፤ እናትና ልጅም ቢሆኑ። በአንድ ድንኳን የሚያድሩ ልጆች የእድሜ ልዩነታቸው ከሁለት ዓመት መብለጥ የለበትም። ወላጅ ከልጁ ጋር በአንድ ድንኳን ማደር የሚችለው በታናናሾቹ፣ በከብ ስካውት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእናትየው የሚሰጠው መልስ «አይቻልም» ብቻ ሳይሆን «ይምጡ» ነው፦ እንደ ጎልማሳ ተመዝግበው፣ ሥልጠናውን ወስደው፣ በጎልማሶቹ ሰፈር በራሳቸው ድንኳን ይደሩ። በካምፕ የሚያድር ጎልማሳ ሁሉ መመዝገብ ስላለበት ይህን በካምፑ ዋዜማ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ይጨርሱ። ከልምድ እንደማውቀው እንዲህ እየፈሩ የመጡ እናቶች ናቸው በኋላ ከሁሉ የሚበልጡ የኮሚቴ አባላት የሚሆኑት።

ካምፑ ከመድረሱ በፊት ከእያንዳንዱ ልጅና ጎልማሳ የጤና ቅጹ ክፍል ሀ እና ለ ተሞልቶ በእጅዎ ይግባ። ከ72 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ካምፕ፣ ለምሳሌ በበጋ ጎሸን ወደሚባለው የስካውት ካምፕ ለሚደረገው የሳምንት ቆይታ፣ ሐኪም የሚፈርምበት ክፍል ሐ ይጨመራል። ቅጹን ሰብስቦ በፎልደር ማስቀመጥ አይበቃም፤ ያንብቡት። ወላጆቻችን አስም፣ የኦቾሎኒ አለርጂ፣ የሚጥል በሽታ ወይም አልጋ ማርጠብን ስለሚያፍሩበት ወይም ልጁ እንዳይቀርበት ብለው ሳይጽፉ ያልፋሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወላጅ ደውለው «በሌሊት ቢነሣ ምን ማወቅ አለብን?» ብለው ይጠይቁ፤ በወረቀት ያልተጻፈው በስልክ ይነገራል።

ለመጀመሪያ ካምፕ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ያምራል፤ ነገር ግን ጥቁር ድብ ያለበት ስለሆነ የምግብ አያያዙ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ከፍታውም ይበርዳል። ትራያንግል አጠገብ ያለው የፕሪንስ ዊሊያም የደን ፓርክ በአይ 95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቅርብ ነው፤ ተርኪ ረን ሪጅ የሚባል ለቡድን የሚሆን የካምፕ ቦታም አለው። ቅርብነቱ ራሱ ዋጋ አለው፦ ልጅ ታሞ ቢያስቸግር ወላጁ መጥቶ ይወስደዋል፤ ልብስ የረሳም ቢኖር ይላክለታል። እዚያም ቢሆን ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እንጂ ለብቻ አይንቀሳቀሱም፤ ማታ ከመተኛታቸው በፊት እግራቸውንና ብብታቸውን ራሳቸው ለመዥገር ይፈትሹ፣ የላይም በሽታ በቨርጂኒያ አለና። ቢላዋና መጥረቢያ የሚይዘው የአጠቃቀም ትምህርቱን ጨርሶ ቶቲን ቺፕ የተባለውን ካርድ ያገኘ ልጅ ብቻ ነው። በምንም ሁኔታ እሳት፣ ሻማም ሆነ ምድጃ፣ ድንኳን ውስጥ አይነድም።

ብርዱን አቅልላችሁ አትዩት። በኦክቶበር ማታ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሊወርድ ይችላል፣ ከመሬት የሚመጣው ቅዝቃዜ ደግሞ ከላይ ካለው ይብሳል፤ ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ምንጣፍ መኖሩን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ጋቢ የሚያመጡ ልጆች ይኖራሉ፤ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ሆኖ ከከረጢቱ በላይ ከተደረበ ያሞቃል፣ ደስም ይላል። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጤዛ ወይም ዝናብ ከነካው ውሃውን ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ እስኪደርቅም ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ ለብሶት እሳት ዳር አይዙር፤ ዝናብም ቢመጣ የዝናብ ልብስ ምትክ አይሆንም። ጂንስና የጥጥ ካልሲም እንዲሁ ናቸው፤ ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ደረቅ ካልሲና ሹራብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ምግቡ ከሁሉ ይልቅ ለልጆቹ መልቀቅ የሚከብደን ነገር ነው፤ እናቶቻችን በትልቅ ድስት ዶሮ ሠርተው በእንጀራ ጠቅልለው ካላኩ ልጅ የተራበ ይመስላቸዋል። አይላኩ። ፈርስት ክላስ ለሚባለው ማዕረግ የሚጠየቀው ልጁ ራሱ የፓትሮሉን የካምፕ ምግብ ማቀድ፣ ዋጋውን ማስላት፣ ዕቃውን መያዝና ማብሰል ነው፤ እናቱ ያበሰለችለት ልጅ ይህን ማዕረግ አያገኝም። የዐርብ ማታው እራት የጾም ነው፤ ያን ሰሞን ጽጌን የሚጾሙ ልጆችና መሪዎችም ስለሚኖሩ የትኛው ፓትሮል ምን እንደሚበላ ቀድሞ ይታወቅ። እንግዲህ የጾም ምግብ ለካምፕ እንደተፈጠረ ሁሉ የሚመች ነው፦ ሽሮ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ በአንድ ድስትና በአንድ የጋዝ ምድጃ ይሠራል፤ ምስርም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሽሮ ይጓጉላል ወይም ከሥሩ ያርራል። ልጆቹ ይበሉታል፤ ድስቱንም ራሳቸው ይፍቁታል። ማንም እንዳይራብ ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አለርጂ ያለበት ከሌለ፣ በመጠባበቂያ ይያዙ፤ ካልሆነ ግን ጣልቃ አይግቡ።

ስለ እሑድ ደግሞ ብዙ ትሩፖች ከዐርብ ማታ እስከ እሑድ ጧት ይሰፍራሉ። ለቤተ ክርስቲያን ትሩፕ ይህ ሁልጊዜ ከቅዳሴ ጋር ይጋጫል፤ ቅዳሴ የሚያገለግሉ ዲያቆናት ልጆች ካሏችሁማ ጭራሽ አይሆንም። ዐርብ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ቅዳሜ ማታ መመለስ ደንብ የሚጥስ ነገር የለውም፤ አንድ ሌሊት ያደረ ልጅ አደረ ነው። ከሌላ ትሩፕ ጋር የምታወዳድሩበት ምክንያት የለም።

የወላጆቹ ነገር ሳይፈታ ሦስታችሁ ክረምቱን አትሻገሩም። ደብዳቤ መላክና «እባካችሁ አግዙን» ብሎ በስብሰባ መለመን አይሠራም፤ ሰው ስሙ ተጠርቶ የተወሰነ ሥራ ሲሰጠው ነው የሚሠራው። የትሩፕ ኮሚቴ ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕድር በሉት። ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ዕቃ የሚቆጥረው ይታወቃል፤ አባል ተራው ሲደርስ «ሥራ አለብኝ» ብሎ አይቀርም። ደንቡም ከዚህ አይርቅም፦ ኮሚቴው ቢያንስ ሦስት እድሜያቸው 21 የሞላ አባላት ያስፈልጉታል። እነርሱ ከልጆቹ ፊት አይቆሙም፤ ገንዘቡን ይይዛሉ፣ የካምፕ ቦታ ያስይዛሉ፣ መኪና ያስተባብራሉ፣ የማዕረግ መዝገቡን ይጠብቃሉ። ጠያቂያችን ስካውትማስተር ከሆኑ ከእነዚህ አንዱንም መያዝ የለብዎትም። የማታ ሥራ ያለባት እናት በስልኳ የካምፕ ቦታ ልታስይዝ ትችላለች፤ በቅዳሜ መኪና የሚነዱት አባት ሁለት ሦስት ልጆች አብረው ሊወስዱ ይችላሉ፤ ግን እዚያም አንድ ሹፌርና አንድ የሌላ ሰው ልጅ ብቻቸውን አይጓዙም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገር ቤት ስካውት የነበሩ አያቶችም በየቤቱ አሉ፤ አንዱን ለአንድ ምሽት ጋብዘው የዚያን ጊዜውን ቋጠሮ እንዲያሳዩ ያድርጉ፤ ሁለቱ መሪዎች አብረው እስከሆኑ ድረስ እንግዳ መጋበዝ ይቻላል። ልጆቹ የአያቱን ጣቶች እያዩ ዝም ሲሉ ማየት ያስደስታል።

አንድ ፈተና ደግሞ ቆይቶ ይመጣልና አሁኑኑ ልጥቀሰው። ወላጆች ኢግል ስካውት የሚለውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕረግ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እንደሚጠቅም ሰምተው ልጃቸውን በአሥራ አራት ዓመቱ ለማድረስ መቻኮል ይጀምራሉ። ኢግል 21 ሜሪት ባጅ (በየሙያው ተምረው የሚያገኙት ምልክት)፣ የአገልግሎት ፕሮጀክትና በትሩፑ ውስጥ የኃላፊነት ጊዜ ይጠይቃል፤ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መጨረስ ብቻ ነው ያለበት። መሪ ከተጻፈው መስፈርት ላይ መጨመርም መቀነስም አይችልም፤ ለአንዱ ልጅ አባቱ ወዳጅዎ ስለሆኑ ቢፈርሙለት የሌላው ልጅ ፊርማ ዋጋ ያጣል። በእኛ ትሩፕ ወላጅ ለገዛ ልጁ የማዕረግ መስፈርት አይፈርምም የሚል ውሳኔ ነበረን፤ እናንተም ሳይከር ከአሁኑ ብትወስኑት ብዙ ቅሬታ ታስቀራላችሁ። የአባትየው ፕሮጀክት የሆነውን የልጁ ፕሮጀክት ደግሞ ገና ሲጀመር ያቁሙት፤ ካለቀ በኋላ ልጁን ነው የምትጎዱት።

በቀሪዎቹ ሳምንታት እንግዲህ እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። በዚህ ሳምንት ለአምስት ወላጆች በስም ይደውሉና ለእያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ይስጡ፤ የሚያድሩትን ያስመዝግቡ፣ ሥልጠናውን በኢንተርኔት እንዲጨርሱ ቀን ይቁረጡላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የፓትሮል አለቆችን ጉባኤ ይቀመጡ፣ የካምፑን ምግብና የድንኳን ድልድል ለእነርሱ ያስረክቡ። ካምፑ ከመድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንኳኖቹን ሁሉ ይትከሉ፤ የጎደለ ካስማ፣ የተቀደደ ዚፕ፣ የማይበራ ምድጃ እዚያ ይገኝ እንጂ በጨለማ አይገኝ። ከካምፑ ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ ጉባኤው ብቻውን ተቀምጦ ምን እንደሚደገም፣ ምን እንደሚቀር፣ ቀጣዩ ካምፕ የት እንደሚሆን ይወስን፤ እርስዎና ሌላው መሪ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ድምፃቸው በሚሰማበት ርቀት ተቀመጡ፣ ሲጠሯችሁ ግቡ።